ሦስቴ ከሳብኩ

ውሸት አልወድም። የዋሸኝን ሰው ዓመት ሙሉ ቂም እይዝበታለሁ። ሱሉልታ መንገድ ዳር ያለው ሆቴል በር ላይ ቆሜ ግን ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ «የእህቴ ልጅ ለገና ጅቡቲ ልትወስደኝ ነው፤ ባሕር ውስጥ ገብተን ዓሣ እናያለን ብላኛለች። እዚህ መጥለቅ የሚያስተምር ሰው አለ ሲሉ ሰምቼ ነው የመጣሁት» አልኩ። የእህት ልጅ ቀርቶ እህት የለኝም።

ዘበኛው ከነጠላዬ እስከ ኮንጎ ጫማዬ ቁልቁል አየኝና «ለመዝናናት ነው?» አለ።

«ምነው፣ የምዝናና አልመስልህም?»

ሳቀና አስገባኝ። ብርሃነሽ አጠገቤ ሆና እጄን ይዛኛለች። እሷ ባትይዘኝ ኖሮ ከዚያ በር ተመልሼ እሮጥ ነበር። ውኃ እፈራለሁ። ጥምቀት ላይ ቄሱ ሲረጩኝ እንኳ ትንፋሼ ቀጥ ይላል።

እውነቱ ይሄ ነው። ልጄ ቦሩ ጠፍቷል። ታኅሣሥ በገባ ሰሞን አዲስ አበባን ወደ ገበሬው መሬት በሚያሰፋው ማስተር ፕላን የተነሣ ቡራዩ ስትታመስ ተማሪዎቹ ሰልፍ ወጡ፤ ወታደር መጣ፤ ተኩስ ሆነ። ልጆቹ ወደ ድሮው ካባ ሸሹ። ካባው ድንጋይ ሲፈለጥበት የኖረ ጉድጓድ ነው። ድሮ የባሌ የደቻሳ አባት ገብስ ይዘሩበት ነበር። መሬቱ ተወሰደ፤ ድንጋዩ ለአዲስ አበባ ፎቅ እየተጫነ ሄደ። ድንጋዩ ሲያልቅ ጉድጓዱን እንዳለ ጥለውት ሄዱና የክረምት ውኃ ሞላው። ድንቅቱ የምትባል እንጨት ለቃሚ ጎረቤታችን ያንለት ከማዶ ሆና አየሁ አለች። ቀይ ጃኬት የለበሰ ልጅ ሲሮጥ፣ ከገደሉ ጫፍ ሲወድቅ፣ ከዚያ ወዲያ ሳይወጣ ሲቀር። «ክንዱ ላይ ነጭ መስመር አለው፤ የቦሩ ጃኬት ነው» አለች። ያን ጃኬት ሰልባጅ ተራ ተከራክሬ የገዛሁት እኔ ነኝ። ቡራዩን ብትዞሯት ሁለተኛ የለውም።

እኔ ግን አላመንኩም። ያንለት ስንት ልጅ ታፍሶ በመኪና ተጭኗል፤ የት እንደተወሰዱ የሚናገር ጠፋ እንጂ። ልጄ ታስሯል አልኩ። የታሰረ ይፈታል። ድንቅቱ እንደሆነች ድሮም ዓይኗ ደካማ ነው። ስንቅ ቋጥሬ ከአንዱ ጣቢያ ወደ ሌላው ዞርኩ። በየደጃፉ «የለም» ይሉኛል። መዝገብ አይገልጡ፣ ስም አይጠይቁ፤ ፊቴን አይተው ብቻ፣ የለም።

የመንደሩ ሰው ልጄን ገድሎ ጨርሷል። ጎረምሶች ዘለው ገብተው ነበር፤ ታቹ አልደረሱም። ከከተማ ጠላቂ ይምጣ ቢባል መንገዱ ሲረጋጋ ይታያል ተባለ። ሽማግሌው ኦቦ ገርባ ደቻሳን ጠርተው፣ «በዓል ሳይገባ የእድሩ ድንኳን ይተከል፤ በልብሱ ይለቀስለት፤ እናቱም እርሟን ታውጣ» አሉት። እርሟን ታውጣ! ድንኳን ከተተከለ እኮ ልጄ ሞተ ማለት ነው። ለሞተ ልጅ ማን እስር ቤት ደጃፍ ይቆማል? ደቻሳ ራሱ ከወዲሁ መዞሩን ትቶ ግድግዳ ተደግፎ መቀመጥ ጀምሯል።

«ማሎ ወርቅቱ» ይለኛል፣ «ስለ ዋቃ ብለሽ፣ ይብቃሽ።»

«እስከ ገና ዋዜማ ታገሱኝ» አልኩ። «ያ ውኃ ውስጥ አለመኖሩን እኔ ራሴ ገብቼ አሳያችኋለሁ።»

አበደች አሉ። ይበሉ፣ ምን አባታቸው! እኔ መጥለቅ የምማረው ልጄን ለማግኘት አልነበረም። ላለማግኘት ነው። ይህን የነገርኩት ለብርሃነሽ ብቻ ነው።

ብርሃነሽ ተከራዬ ናት። ልጇን ያቤጽን አዝላ ከሆሳዕና መጥታ ግቢዬ ገባች፤ ከዚያ ወዲህ አልወጣችም። እሷ ጴንጤ፣ እኔ ኦርቶዶክስ፤ በጾም በመጣ ቁጥር እንጨቃጨቃለን፤ ተጨቃጭቀን አንድ ሳህን ላይ እንበላለን። እንጀራዋ ግንባታ ነው። ፎቅ ላይ ቆማ የሲሚንቶ ባልዲ በገመድ ትስባለች፤ ክንዷ የወንድ ነው። ያቤጽና ቦሩ አንድ አልጋ ላይ አደጉ። የአንዱን ሱሪ አንዱ ይለብሳል፤ የአንዱን ጫማ አንዱ ይጨርሳል። ልብስ አጥቤ ሳሰጣ የማን የማን እንደሆነ ይጠፋብኝ ነበር። ኋላ ያቤጽ ሰበታ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ገባ። ዓመት ሳይሞላው ማሽኑ የቀኝ እጁን ትንሿን ጣትና የቀለበቷን ጣት ወሰደበት። እናቱ ስታለቅስ እሱ ይስቃል። በመጣ ቁጥር ያችኑ እጁን ይዘረጋልኝና «እትዬ ወርቅቱ፣ በሦስት ጣት ሰላም አይባልም እንዴ?» ይለኛል። ጨብጬ ጀርባውን እመታዋለሁ።

አሁን የሰበታ መንገድ በድንጋይ ተዘግቷል፤ ፋብሪካው ሠራተኞቹን ግቢው ውስጥ እያሳደረ ነው ይባላል፤ ስልክ አይገባም። ብርሃነሽ አልተጨነቀችም። «የኔው አጥር ውስጥ ነው፣ ጌታ ይመስገን። የሚያንገበግበኝ የአንቺው ነው» ትላለች። ስለ ቦሩ ብላ ጾም ጸሎት ይዛለች። በግድግዳው በኩል እሰማታለሁ። «ጌታ ሆይ፣ ቦሩ እዚያ ውኃ ውስጥ አይገኝ። የወርቅቱን ልጅ አውጣልኝ።» እኔም በወዲህኛው በኩል ሆኜ አሜን እላለሁ። ጴንጤ ሲጸልይ አሜን ማለቴ ነው፤ ጊዜ ያመጣው ነው።

የሆቴሉ አስተማሪ ጋሽ ገብረየስ ነበሩ። የድሮ ባሕር ኃይል ናቸው፤ ምጽዋ ላይ ጠላቂ ነበሩ። «ባሕሩ ሄደ፣ እኔ ቀረሁ» ይላሉ። ቀርተው የሱሉልታ ብርድ ውስጥ የሆቴል ገንዳ ይጠብቃሉ። ራሳቸው አይጠልቁም። የጆሯቸው ታምቡር ተበስቷል፤ ሐኪም ከልክሏቸዋል። ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው፣ እግራቸውን ነክረው ይጮኹብኛል።

የመጀመሪያው ቀን ጉድ ነው። ስቶኪንግ ላይ የሌሊት ልብሴን ደርቤ ገባሁ። ልብሱ ውኃው ላይ አየር ይዞ እንደ ድንኳን ተነፋ። ጀርባዬ ላይ የመተንፈሻውን ብረት ጫኑብኝ፤ ወገቤ ላይ የእርሳስ ቀበቶ አሰሩብኝ። «ይሄ ኦክስጅን አይከብድም?» ብል ጋሽ ገብረየስ ቱግ አሉ። «ኦክስጅን አይደለም! አየር ነው! ይኼው የምትተነፍሺው አየር!» ከዚያ ጣታቸውን ቀሰሩ። «አንድ ሕግ ብቻ ያዢ። ትንፋሽሽን እንዳትይዢ። ፈራሽም አልፈራሽም አስገቢ፣ አስወጪ። ደግሞ ይሄን ጎማ መሬት እስክትረግጪ ድረስ ከአፍሽ እንዳታወጪ።»

«ሁለት ሆነ እኮ ሕጉ» አልኩ።

«ግቢ!» አሉኝ።

ገባሁ። ጆሮዬ ውስጥ ውኃው ሲንሿሿ፣ የገዛ ትንፋሼ ሲያንኮራፋ፣ ሞት መጣ አልኩ። ጎማውን ተፍቼ «ያ ዋቃዮ!» ብዬ ስጮህ የሆቴሉ ወጥ ቤቶች ሳይቀሩ ሮጠው ወጡ። ውኃው እኮ እስከ ደረቴ ነው! ብርሃነሽ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ሳቋ ወደ እኔ ተጋባ፤ ሳቅሁ፣ ሳቅሁ፣ እንባዬ እስኪወርድ። ከዚያ ለምን እዚያ እንደቆምኩ ትዝ አለኝና ሳቄ ደረቀ። ልጄ ያለበት አይታወቅም፤ እኔ ገንዳ ውስጥ እስቃለሁ።

ፍርሃቴን ያስታገሰው ገመድ ነው። ጋሽ ገብረየስ ወገቤ ላይ አሰሩና ጫፉን ለብርሃነሽ ሰጧት። አንዴ ከሳበች፣ ደህና ነሽ ወይ ማለት ነው፤ እኔም አንዴ ስቤ ደህና ነኝ እላለሁ። ሁለቴ፣ ገመድ ልቀቂ። ሦስቴ፣ ሳቢ አውጪ። «የእኔ እንጀራ እኮ ገመድ ነው» ብላ እጅጌዋን ሰበሰበች። ከዚያማ ማን ያስቁማት! ደህና ነሽ? ደህና ነሽ? ብቅ ብዬ «አንቺ ሴትዮ፣ ጨቀጨቅሽኝ!» እስክላት ድረስ። ግን እውነት ለመናገር፣ ያቺ ገመድ ወገቤ ላይ ሳብ ስትል ትንፋሼ ይመለስልኝ ነበር።

ስንመላለስ ፍተሻ አለ። አንድ ወታደር እርጥብ ጸጉሬን አይቶ «ከየት ነው?» አለኝ።

«ዋና ስማር።»

«በዚህ ጊዜ?» ብሎ ለጓደኛው ሊነግር ዞረ፤ ተሳሳቁ። ልጅ እግር ነው፤ የቦሩ እኩያ ቢሆን ነው።

«ልጄ» አልኩት፣ «ቀይ ጃኬት የለበሰ ልጅ ስትጭኑ አላየህም?»

ሳቁን አቆመ። «ሂጂ፣ እናቴ» አለ። እሱም ስም አልጠየቀኝም።

ውሸቴን ያወጣው የራሴ አፍ ነው። መተንፈሱን ለመድሁ፤ መነጽሬ ውኃ ሲገባው በአፍንጫዬ ነፍቼ ማስወጣት ቻልኩ፤ አፍንጫዬን ይዤ ጆሮዬን ማስከፈትም አወቅሁ። አንድ ቀን፣ «ጋሽ ገብረየስ፣ ታቹ ጭቃ ሆኖ ምንም የማይታይ ከሆነ፣ በእጅ የሚፈለገው እንዴት ነው?» አልኳቸው።

እግራቸውን ከገንዳው አወጡ። «ጅቡቲ ጭቃ የለም» አሉ። ቀጠሉና በቀስታ «ማን ነው የገባው?» አሉኝ።

ነገርኳቸው። ተቆጡ። ብረቱን ከጀርባዬ አወረዱ፤ «ልትሞቺ ነው የመጣሽው፤ ሂጂ ከዚህ» ብለው ጀርባቸውን ሰጡኝ። በማግስቱ ሄጄ በሩ ላይ ተቀመጥኩ። ብርሃነሽም ከሥራዋ ቀርታ አብራኝ ተቀመጠች። ከሰዓት በኋላ ጋሽ ገብረየስ ወጡ።

«ምጽዋ ላይ ብዙ ሰው አውጥቻለሁ» አሉ። «እናት ሁሌም ዳር ቆማ ነው የምትጠብቀው። ውስጥ የገባች እናት አላየሁም።»

«እኔ ላወጣው አይደለም የምገባው። የለም ብዬ ልወጣ ነው።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። የመነጽሬን መስታወት በጥቁር ፕላስተር ሸፈኑት፤ ማንኪያና ኩባያ ገንዳው ውስጥ ወረወሩ፤ «በእጅሽ እይ» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የተማርኩት ይህንኑ ነው።

የገና ዋዜማ ደረሰ። የእድሩ ድንኳን ተጣጥፎ ደጃችን ተቀምጧል። ካባው ጫፍ ላይ ኦቦ ገርባ በትራቸውን ተደግፈው ራቅ ብለው ቆሙ። ጋሽ ገብረየስ የሆቴሉን ፒክአፕ ለምነው ዕቃውን አምጥተዋል፤ የጎማ ልብሱን አለበሱኝ። ቀበቶውን ማሰር አቃተኝ። ደቻሳ መጣና አሰረልኝ። ጋሽ ገብረየስ የመጨረሻውን ነገር ብርሃነሽ እየሰማች ነገሩኝ። «አያድርገውና ካገኘሽው፣ ገመዱን ከወገብሽ ፍቺና እሱ ላይ እሰሪ። ሦስቴ ሳቢ። አንቺ ገመዱን ይዘሽ ቀስ እያልሽ ትወጫለሽ።»

«አላገኘውም» አልኩ።

«አታገኚውም» አለች ብርሃነሽ። ገመዱን ክንዷ ላይ ጠምጥማለች። «ጸልዬበታለሁ። ግቢ፣ እህቴ፣ እኔ ይዤሻለሁ።»

ውኃው እንደ በረዶ ነው። ወረድኩ። ጆሮዬ ጠዘጠዘኝ፤ አፍንጫዬን ይዤ ነፋሁ። ብርሃኑ አረንጓዴ ሆነ፤ ከዚያ ቡናማ ሆነ፤ ከዚያ እጄ ራሱ ጠፋኝ። የሁለት ፎቅ ያህል ቢሆን ነው፤ ለእኔ ግን ማለቂያ አልነበረውም። አስገቢ፣ አስወጪ። እግሬ ጭቃ ሲነካ ገመዱ ሳብ አለ። ደህና ነሽ? አንዴ ሳብኩ። ደህና ነኝ።

በጉልበቴ እየዳህኩ ዳበስኩ። ድንጋይ። የሽቦ ጥቅልል። የመኪና ጎማ። እየዳበስኩ «የለም፣ የለም» እላለሁ በልቤ፤ እያንዳንዱ ባዶ ጭቃ ደስታዬ ነው። ከገደሉ ሥር ድንጋይ ፈላጮቹ ጥለውት የሄዱት የዛገ ብረት አለ፤ ዞርኩት። ከሥሩ እጄ ጨርቅ ያዘ።

ጨርቅ ብዙ ነው አልኩ። ሰው ቆሻሻ ይጥላል። ጨርቁን ተከትዬ ወደ ላይ ስሄድ ዚፕ አገኘሁ፤ ዚፑ ጫፍ ላይ የጫማ ክር ተቋጥሯል። የቦሩ ጃኬት ዚፕ ሲሰበር መያዣውን በጫማ ክር የተካሁለት እኔ ነኝ። ሁለት ጊዜ ነው የቋጠርኩት፤ ሁለቱም ቋጠሮ አለ።

ልጄ። እነ ገርባ ልክ ነበሩ፤ ድንቅቱ ልክ ነበረች፤ ሁሉም ልክ ነበሩ፤ እኔ ብቻ ስንቅ ተሸክሜ ስዞር ልጄ እዚህ ብርድ ላይ ነበር። ትንፋሼን ያዝኩ። ሕጉ ጠፋኝ፤ መውጣትም አልፈለግሁ። ፊቱን ለመንካት አልደፈርኩም። እጁን ብቻ ልያዝ አልኩ፤ ትንሽ ሆኖ መንገድ ሲሻገር እንደምይዘው። ክንዱን ተከትዬ ወርጄ ቀኝ እጁን ያዝኩት።

ሦስት ጣት ነው።

እንደገና ዳበስኩ። አውራ ጣት፣ ሌባ ጣት፣ መሐል ጣት፤ ከዚያ ወዲያ ባዶ፣ የዳነ ጠባሳ።

ቦሩ አይደለም! ልጄ አይደለም! ሳቅሁ። እውነቴን ነው፣ እዚያ ጨለማ ውስጥ፣ ጎማውን ነክሼ ሳቅሁ፤ አረፋው በጆሮዬ ስር እየተንጫጫ ወደ ላይ ሄደ። ልጄ ታስሯል! ልጄ በሕይወት አለ! ያን እጅ እንደጨበጥኩ ነው ደስ ያለኝ፤ አምላክ ይቅር ይበለኝ፣ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ከዚያ እጁን አወቅሁት። በሦስት ጣት ሰላም አይባልም እንዴ?

ፋብሪካ አጥር ውስጥ አልነበረም። መንገዱ ሳይዘጋ ቦሩን ብሎ ሰልፉ ላይ መጥቷል፤ ብርድ ነው ብሎ ጃኬቱን ከእሱ ወስዶ ለብሷል፤ እንደ ሁልጊዜው። እናቱ ቤት ሳይደርስ ነው ሩጫው የያዘው። ብርሃነሽ የጸለየችው ሁሉ አንድም ሳይቀር ተሰምቶላታል። የወርቅቱ ልጅ ውኃው ውስጥ የለም።

ገመዱ ሳብ አለ። ደህና ነሽ?

መልስ አልሰጠሁም። ትቼው ብወጣስ? «የለም» እላለሁ። ድንኳኑ ይቀራል፤ ደቻሳ ከእኔ ጋር ስንቅ ይዞ ይዞራል፤ ብርሃነሽም የኔው አጥር ውስጥ ነው እያለች ትኖራለች። ማን ያውቃል? የለም ማለት ቀላል ነው። በየጣቢያው ደጃፍ ፊቴን እያዩ የለም ያሉኝ ሰዎች ታዩኝ። ስም ያልጠየቁኝ።

ገመዱ እንደገና ሳብ አለ፤ በኃይል። ደህና ነሽ? ደህና ነሽ?

ከወገቤ ፈታሁት። ብረቱ ሥር የተያዘውን የጃኬቱን ጫፍ አላቅቄ ያቤጽን በብብቱ ሥር አሰርኩት፤ እንደ ዚፑ ሁለት ጊዜ ቋጠርኩ። ጣቶቼ በብርድ ደንዝዘዋል። ሦስቴ ሳብኩ።

ለአፍታ ምንም የለም። ላይ ምን እንደተባለ አውቃለሁ። ሦስት ምን ማለት እንደሆነ እሷም ታውቃለች። ከዚያ ገመዱ ተወጠረና ወደ ላይ መሄድ ጀመረ፤ ሳይንቀጠቀጥ፣ እጅ በእጅ፣ ባልዲው እንዳይፈስ ተጠንቅቃ እንደምትስበው። እኔም አንድ እጄን ገመዱ ላይ፣ አንድ እጄን እጁ ላይ አድርጌ አብሬው ወጣሁ። አስገቢ፣ አስወጪ።

ብርሃኑ ዓይኔን ወጋው። ብርሃነሽ እግሯን ድንጋይ ላይ ተክላ ትስባለች፤ እንባዋ በአገጯ ይንጠባጠባል። «እኔን ወርቅቱ! እኔን እህቴ! ምነው ጌታዬ፣ ስለምንህ ከርሜ ምነው!» ቀዩ ጃኬት ከውኃው ብቅ ሲል ደቻሳ ራሱን ይዞ መሬት ላይ ተቀመጠ፤ ኦቦ ገርባ ቆባቸውን አወለቁ። ብርሃነሽ ጮኸች፤ ገመዱን ግን አለቀቀችም። ፊቱ ወደ ታች ነው፤ አላየችውም። የምታየው እኔን ነበር።

«አይዞሽ» አለችኝ፣ «አይዞሽ፣ እኔ አለሁልሽ። ልጃችን ነው። አብረን እንቀብረዋለን።»

እግሬ መሬት ረገጠ። ጋሽ ገብረየስ ጎማውን ከአፌ እንዳወጣ በእጃቸው ምልክት ሰጡኝ። ነክሼ ያዝኩት።